ድሮኑ በራሱ ይበርራል፤ ተጠያቂነቱ ግን ካስነሣው ሰው ጋር ይቀራል

ከቀትር በኋላ የባሕሩ ነፋስ ሲነሣ፣ በዱባይ ኡም ሱቀይም ዳርቻ የሚገኘው ካይት ቢች በደማቅ ቀለማት ባሸበረቁ ካይቶች ይሸፈናል። ነፋስ በወጠረው ካይት እየተጎተቱ በሰሌዳ ላይ ውኃውን የሚሰነጥቁት ስፖርተኞች በአየር ላይ ተገለባብጠው ሲወርዱ፣ ከዳር ሆኖ የሚመለከት ሰው የሚያየው የትርዒቱን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያንን እንቅስቃሴ በቅርበት ለመቅረጽ ጀልባ መከራየት፣ ረጅም ሌንስ ያለው ካሜራና ልምድ ያለው ባለሙያ ማግኘት ግድ ነበር። ዛሬ ግን ከእጅ መዳፍ ተነሥቶ፣ ባለቤቱን ከሰው መካከል ለይቶ፣ ያለ መቆጣጠሪያ እየተከተለ የሚቀርጽ ትንሽ ድሮን ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ይገኛል።

ለውኃ ስፖርት ወዳጆች ይህ ትልቅ ምዕራፍ ነው። ስፖርተኛው አቋሙን አይቶ ስሕተቱን ያርማል፤ አሠልጣኙ ለተማሪው በምስል ያስረዳል፤ ከቤተሰቡ ርቆ የሚኖር ሰውም ያሳለፈውን መልካም ቀን ለወገኖቹ ያካፍላል። ሆኖም ከዚህ ምቾት ጋር አብሮ የመጣ አንድ ጥያቄ አለ። ተቀራጩ ሁለት እጆቹን በካይቱ መቆጣጠሪያ ዘንግ ላይ አድርጎ ዓይኑን በሚመጣው ማዕበል ላይ በተከለበት ቅጽበት፣ ከበላዩ ያለውን ማሽን የሚያበርረው ማን ነው? ማስታወቂያው «አብራሪ አያስፈልግም» ሊል ይችላል። የአቪዬሽን ሕግ ግን ባለቤትና ተጠያቂ የሌለው በረራ አያውቅም።

ጥያቄው በተባበሩት አረብ ኢምሬቶች የባሕር ዳርቻዎች፣ ሆቴሎችና ጀልባዎች ላይ ለሚሠሩ፣ ወይም የዕረፍት ቀናቸውን በዚያ ለሚያሳልፉ አማርኛ ተናጋሪ ነዋሪዎችም የሚመለከት ነው። ድሮኑን የገዛው ሌላ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ከመዳፉ የሚያስነሣው ግን ሠራተኛው የሚሆንበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለምና።

ከተስፋ ወደ ገበያ

ሰውን በራሱ የሚከተል ካሜራ ሐሳብ በሕዝብ ዘንድ የታወቀው ከ2014 እስከ 2015 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት ነው። በእጅ ላይ በሚታሰር ትንሽ መሣሪያ አማካይነት ስፖርተኛውን የሚከተለው ኤርዶግ በዚያ ዘመን ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ ወደ ሥራ ገባ። በ2015 ደግሞ ሊሊ የተባለ አሜሪካዊ ድርጅት ወደ አየር ሲወረወር በራሱ የሚነሣ፣ ውኃ የማይጎዳው ድሮን እንደሚያቀርብ አስታውቆ፣ ከቅድመ ትእዛዝ ብቻ 34 ሚሊዮን ዶላር ያህል ሰበሰበ። ነገር ግን ምርቱ ለገዢዎች ሳይደርስ በጃንዋሪ 2017 ድርጅቱ ሥራውን አቆመ። የሳን ፍራንሲስኮ ዐቃቤ ሕግ ባቀረበው ክስ እንደተገለጸው፣ ዓለምን ያስደነቀው የማስታወቂያ ፊልም የተወሰነው ክፍል የተቀረጸው በሌላ አምራች የባለሙያ ድሮን ነበር። ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ዛሬም አላረጀም፤ በማስታወቂያ የሚታየው ውኃና በእውነቱ ባሕር መካከል ልዩነት አለ።

ቴክኖሎጂው በእርግጥ የበሰለው ከዚያ በኋላ ነው። ስካይዲዮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2018 ገበያ ላይ ያዋለው አር1 የተሰኘ ድሮን 13 ካሜራዎች ነበሩት፤ በዙሪያው ያለውን ሁሉ እያየ ዛፍና ግድግዳ እየሸሸ የሚከተለውን ሰው አይለቅም ነበር። ዋጋው 2,499 ዶላር ነበር። ከስድስት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በሴፕቴምበር 2024፣ የቻይናው ዲጄአይ 135 ግራም ብቻ የሚመዝነውን ኒዮ በ199 ዶላር አቀረበ። በ2025 ደግሞ ሆቨርኤር የተሰኘው ምርት አምራች ከውኃ ላይ ተነሥቶ ውኃ ላይ የሚያርፍ፣ ለውኃ ስፖርት ተብሎ የተሠራ ሞዴል አስተዋወቀ። ዋጋው ከ2,500 ዶላር ወደ 200 ዶላር በወረደ ጊዜ፣ የጥቂት ባለሙያዎች መሣሪያ የነበረው የብዙኃን ዕቃ ሆነ።

በዚህ ጉዞ ውስጥ አንድ ሌላ ነገር ሊታለፍ አይገባም። ስካይዲዮ በኦገስት 2023 ለግለሰቦች መሸጥ አቁሞ ፊቱን ወደ መንግሥታት፣ ወደ ጸጥታ ተቋማትና ወደ ኩባንያዎች አዞረ። አንድን ሰርፈር በማዕበል መካከል ሳይስት የሚከተል የዕይታ ችሎታ፣ ለሌላ ዓላማም ሊውል የሚችል ችሎታ ነው። መንግሥታት እነዚህን ማሽኖች እንደ ተራ መጫወቻ የማይመለከቱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ውኃ ለድሮን የሚከብድበት ምክንያት

በየብስ ላይ ያለ እንከን የሚሠራ ድሮን በባሕር ላይ ግራ ሲጋባ ማየት የተለመደ ነው። ምክንያቱ አሠራሩ ውስጥ አለ። ትናንሾቹ ድሮኖች በአንድ ቦታ ጸንተው ለመቆም በሆዳቸው ሥር ባለ ካሜራ መሬቱን ያነባሉ፤ ድንጋዩ፣ ሣሩ፣ የአስፋልቱ ስንጥቅ ለማሽኑ ምልክት ነው። ውኃ ግን ጸንቶ የሚቆም ምልክት የለውም። ማዕበሉ ሲንቀሳቀስ ማሽኑ የተንቀሳቀሰው እርሱ ራሱ ይመስለውና «ለማስተካከል» ሲል ከማዕበሉ ጋር ይንሸራተታል። ውኃው ጸጥ ሲል ደግሞ ሰማዩን እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል። ከፍታ የሚለካው የማይታይ ብርሃንም በውኃ ሲመጠጥ ወይም ሲበተን፣ ድሮኑ ከባሕሩ ምን ያህል እንደራቀ በትክክል ላያውቅ ይችላል። አምራቾች በመመሪያቸው ከውኃ ወለል ጋር ተጠግቶ ማብረርን በተመለከተ የሚያስጠነቅቁት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ነፋስ ነው። ኒዮን የመሰለ ቀላል ድሮን ሊቋቋመው የሚችለው የነፋስ ፍጥነት በሰከንድ 8 ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም በሰዓት ወደ 29 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ካይት ሰርፈሩ ግን ወደ ባሕር የሚወጣው ብርቱ ነፋስ ፍለጋ ነው። ለስፖርተኛው ምርጥ የሆነው ሰዓት ለድሮኑ የከፋው ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። በጀልባ የሚጎተተው የዌክቦርድ ስፖርተኛም አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ30 እስከ 37 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ጀት ስኪ ከዚያ በእጅጉ ይፈጥናል። ቀላሉ ድሮን ሲከተል ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሲቀርም የሚከተለውን ሰው ያጣዋል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። የብዙዎቹ ትናንሽ ድሮኖች የሥራ ሙቀት ጣሪያ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ የባሕረ ሰላጤው በጋ ይህን ጣሪያ በቀላሉ ያልፋል። አራተኛውና ብዙ ሰው የሚረሳው ጉዳይ የመመለሻ ቦታ ነው። ድሮኑ ባትሪው ሲያልቅ ወይም ግንኙነቱ ሲቋረጥ ወደ ተነሣበት ነጥብ ይመለሳል። የተነሣው ከጀልባ ላይ ከሆነና ጀልባዋ ከቦታዋ ከተንቀሳቀሰች፣ ማሽኑ በታማኝነት ተመልሶ ባዶ ባሕር ላይ ያርፋል። ውኃ እንዲቋቋም ሆኖ ያልተሠራ ድሮን ጨዋማ ውኃ ውስጥ ሲገባ ሞተሩና የኤሌክትሪክ ክፍሉ ይበላሻል፤ የሊትየም ባትሪው ሊጋይ ይችላል፤ በዚያው ከሰጠመም ለባሕሩ ብክለት ይሆናል።

እነዚህ ሁሉ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ይመልሱናል። ማሽኑ ሲሳሳት እጁን ዘርግቶ የሚያርመው ሰው ያስፈልጋል። ስፖርተኛው ግን በዚያ ሰዓት ነፃ እጅ የለውም።

ዓይኑን ከሰማይ የማይነቅል ሰው

የመዝናኛ ድሮኖችን የሚመለከቱ ሕጎች በአብዛኛው የተገነቡት በአንድ ቀላል ሐሳብ ላይ ነው፤ ድሮኑን የሚያበርር ሰው በገዛ ዓይኑ ሊያየውና በማንኛውም ጊዜ ሊቆጣጠረው ይገባል። ሰውን የሚከተል ድሮን ይህን ሐሳብ ይፈትነዋል፤ አብራሪውና ተቀራጩ አንድ ሰው ሆነዋልና።

የአውሮፓ ኅብረት ጉዳዩን በግልጽ ከመለሱት መካከል ነው። በ2019 ባወጣቸው የድሮን ደንቦች መሠረት፣ በቀላል ምድብ ውስጥ ያሉ ድሮኖች የመከተል አሠራራቸው በርቶ ሳለ ከአብራሪው ከ50 ሜትር በላይ እንዳይርቁ ተደርገው መሠራት አለባቸው፤ አብራሪውም በማንኛውም ቅጽበት ቁጥጥሩን መልሶ መያዝ መቻል ይኖርበታል። ማሽኑ ራሱን እንዲያበርር ተፈቀደለት፤ ሰውየው ግን ከአብራሪነት አልተሰናበተም።

የሚወድቅ ድሮን ሊያደርስ የሚችለውን አደጋ የስፖርቱ ዓለም በሚገባ ያየው በውኃ ላይ ሳይሆን በበረዶ ላይ ነበር። በዲሴምበር 22 ቀን 2015 በጣሊያን ማዶና ዲ ካምፒልዮ በተካሄደ የዓለም ዋንጫ የበረዶ ሸርተቴ ውድድር፣ በባለሙያ የሚመራ አንድ የካሜራ ድሮን ኦስትሪያዊው ማርሴል ሂርሸር ካለፈበት ቦታ በስተኋላው ተከስክሶ ወደቀ። ሂርሸር ለጥቂት ተረፈ፤ ዓለም አቀፉ የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽንም በዚያን ጊዜ የካሜራ ድሮኖችን ከውድድሮቹ አገደ። ያ ድሮን ሠልጣኝ አብራሪ ነበረው። አብራሪው ራሱ በማዕበል ላይ ተጠምዶ ባለበት ጊዜ፣ ከሥሩ ሕፃናት የሚዋኙ ከሆነ የሚከተለውን መገመት አያዳግትም።

ይህ ማለት ድሮን ከባሕር ጋር አይስማማም ማለት አይደለም። በጃንዋሪ 18 ቀን 2018 በአውስትራሊያ ሌኖክስ ሄድ ዳርቻ ሁለት ወጣቶች በማዕበል ተይዘው ሳሉ፣ የሕይወት አድን ሠራተኞች ያሰማሩት ድሮን በአየር የሚነፋ መንሳፈፊያ ጥሎላቸው በሰላም ወደ ዳር ወጥተዋል። በሁለቱ ታሪኮች መካከል ያለውን ልዩነት ካሜራው ወይም ሞተሩ አያብራራውም። የሌኖክስ ሄዱ ድሮን ባለቤቱ የታወቀ፣ ዓላማው የታወቀ፣ የሚያየውም ሰው ያለው ነበር።

የኢምሬቶች ልምድ፦ ከእገዳ ወደ ሥርዓት

በተባበሩት አረብ ኢምሬቶች የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በጃንዋሪ 22 ቀን 2022 በመዝናኛነት የሚበርሩ ድሮኖችንና ቀላል የስፖርት አውሮፕላኖችን በረራ አገደ። ሚኒስቴሩ በወቅቱ እንደገለጸው፣ ተጠቃሚዎች በተፈቀደላቸው ቦታ ሳይወሰኑ ወደ ተከለከሉ አካባቢዎች የሚገቡበት ሁኔታ ታይቶ ነበር። ውሳኔው የወጣው በጃንዋሪ 17 ቀን 2022 በአቡ ዳቢ ላይ በደረሰው ጥቃት ሦስት ሰዎች ሕይወታቸውን ካጡ ከቀናት በኋላ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ አገሪቱ የሰማይዋን ጉዳይ በምን ያህል ጥንቃቄ እንደምታየው ግልጽ ነው።

እገዳው ግን በዚያው አልቀረም። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የጠቅላላ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን እና ብሔራዊ የአደጋ ጊዜ፣ የቀውስና የአደጋዎች አስተዳደር ባለሥልጣን በጋራ ባዘጋጁት የተዋሐደ የምዝገባና የፈቃድ መድረክ አማካይነት፣ ከኖቬምበር 25 ቀን 2024 ጀምሮ እገዳው በደረጃ መነሣት ጀመረ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ለኩባንያዎችና ለመንግሥት ተቋማት ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ለግለሰቦች ተከፈተ። መሠረታዊዎቹ ግዴታዎች ግልጽ ናቸው፤ መመዝገብ፣ ክብደቱ ከ5 ኪሎ ግራም በማይበልጥ ድሮን መጠቀም፣ ከ400 ጫማ ማለትም ከ120 ሜትር ገደማ በላይ አለመውጣት፣ በካርታው ላይ በተፈቀደ ቦታ ብቻ ማብረር፣ ድሮኑንም ከዓይን ዕይታ አለማራቅ።

ለውኃ ስፖርት ወዳጅ ከእነዚህ ሁሉ ከባዱ የመጨረሻው ነው። በማዕበል ላይ ያለ ሰው ድሮኑን በዓይኑ ሊከታተል አይችልምና፣ በረራው ሌላ የተመዘገበና ሥራውን የሚያውቅ ሰው በዳር ቆሞ እንዲከታተለው ይጠይቃል። ሌላው ብዙዎችን የሚያሳስተው በማሸጊያው ላይ የሚነበበው የ250 ግራም ቁጥር ነው። በአሜሪካ ለመዝናኛ የሚበርር ከ250 ግራም በታች የሆነ ድሮን ምዝገባ አያስፈልገውም። ያ ግን የአሜሪካ ደንብ ነው፤ ከድሮኑ ጋር ተጉዞ በዱባይ ወይም በአቡ ዳቢ ዳርቻ ላይ አይሠራም። ዱባይ በ2020 ያወጣችው የራሷ የድሮን ሕግ ያላት በመሆኑም፣ የፌዴራሉን ፈቃድና የየኢምሬቱን ደንብ አጣምሮ መመልከት ተገቢ ነው። የተፈቀዱ ቦታዎችና ሁኔታዎች እንደየጊዜው ሊለወጡ ስለሚችሉም፣ መረጃውን ከተዋሐደው መድረክ በበረራው ዕለት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በምስሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች

የሚከተል ድሮን ባለቤቱን ብቻ አይቀርጽም። የባሕር ዳርቻ የቤተሰብ ስፍራ ነው፤ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ከሕፃናቱ ጋር የመጡ ሞግዚቶች በሰፊው ምስል ውስጥ ይገባሉ። የተባበሩት አረብ ኢምሬቶች ሐሜትንና የኤሌክትሮኒክ ወንጀሎችን ለመዋጋት በ2021 ያወጣችው 34ኛው የፌዴራል ድንጋጌ፣ በአንቀጽ 44 የሰዎችን የግል ሕይወት ይጠብቃል። ያለ ፈቃድ ሌላውን ሰው ፎቶ ማንሣት፣ ምስሉን መያዝ ወይም ማሰራጨት ከ6 ወር የማያንስ እስራትና ከ150,000 እስከ 500,000 ዲርሃም የሚደርስ መቀጮ፣ ወይም ከሁለቱ አንዱን ሊያስከትል ይችላል። ለብዙ ሠራተኞች ይህ መቀጮ የዓመታት ደመወዝ ነው።

ድንጋጌው በሁለት በኩል ይሠራል። ሠራተኛው የሌሎችን ክብር እንዲጠብቅ ያስገድደዋል፤ እርሱንም ይጠብቀዋል። በዕረፍት ቀኗ ከጓደኞቿ ጋር በባሕር ዳር የተቀመጠች እኅት ምስሏ ያለ ፈቃዷ በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን ሲዘዋወር ካገኘችው፣ ሕጉ የእርሷም ነው፤ ጉዳዩን ለፖሊስ የማቅረብ መብት አላት።

«ያዝልኝ፤ ስነግርህ ልቀቀው»

በተግባር የሚያጋጥመው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። የጀልባው ባለቤት ወይም ደንበኛው ወደ ውኃው ከመግባቱ በፊት ድሮኑን ለአጠገቡ ሰው ይሰጣል፤ «ያዝልኝ፤ ስነግርህ ልቀቀው» ይላል። የጀልባ ረዳቱ፣ የሆቴሉ የባሕር ዳር ሠራተኛ ወይም ሾፌሩ ትእዛዙን በቅንነት ይፈጽማል። ድሮኑ ከተነሣ በኋላ ግን ባለቤቱ በውኃው መካከል ነው፤ በዳር ቆሞ የሚታየው፣ ማሽኑ ከእጁ ሲነሣ ሰዎች ያዩት፣ ችግር ሲፈጠርም መጀመሪያ የሚጠየቀው ሠራተኛው ነው።

ስለዚህ ከመልቀቅ በፊት ሦስት ነገሮችን በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም። ድሮኑ የተመዘገበው በማን ስም ነው? ይህ ቦታ በመድረኩ ካርታ ላይ ለበረራ ተፈቅዷል? ባለቤቱ በውኃው ላይ ሳለ የሚከታተለውና ሊያስቆመው የሚችለው ማን ነው? ሥራው የድርጅት ከሆነ፣ ማለትም ለደንበኛ በክፍያ የሚቀረጽ ወይም ለማስታወቂያ የሚውል ከሆነ፣ የግለሰብ የመዝናኛ ምዝገባ በቂ አይሆንም፤ ድርጅቱ የራሱን ፈቃድ መያዝ አለበት። እነዚህን ጥያቄዎች የሚጠይቅ ሠራተኛ አሠሪውንም ከጥፋት ያድናል።

የጉዳዩ ሌላ ገጽ ወደ አገር ቤት በሚደረገው ጉዞ ላይ ይታያል። በዱባይ ገበያ በርካሽ የተገዛ ትንሽ ድሮን ለወንድም ወይም ለሠርግ ቀራጭ ዘመድ መልካም ስጦታ ይመስላል። ነገር ግን ወደ ኢትዮጵያ ድሮን ለማስገባት አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ያስፈልጋል፤ ጉዳዩን የሚመለከተው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው። ያለ ፈቃድ የመጣ ድሮን በቦሌ ጉምሩክ ሊያዝ ይችላል። በላብ የተገኘ ገንዘብ በዚያ መንገድ እንዳይቀር፣ ፈቃዱ ከግዢው መቅደም አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2024 የተከፈተው በአቡ ዳቢ ሁደይሪያት ደሴት የሚገኘው የሰው ሠራሽ ማዕበል ማዕከል፣ በፌብሩዋሪ 2025 የዓለም ሰርፍ ሊግን ውድድር አስተናግዷል። የውኃ ስፖርት በዚህ አገር እያደገ ነው፤ ከእርሱም ጋር የሚቀርጹት ማሽኖች ቁጥር ማደጉ አይቀርም። ማሽኖቹ ከዓመት ዓመት የበለጠ ያያሉ፣ የበለጠ ይፈጥናሉ፣ ከውኃም ጋር ይበልጥ ይላመዳሉ። በዳር ቆሞ ዓይኑን ከሰማይ የማይነቅለውን ሰው ግን እስካሁን አልተኩትም፤ ሕጉም ያንን ሰው በስሙ መዝግቦ ይፈልገዋል። አበው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይላሉ። የምዝገባው ጥቂት ደቂቃዎች የሚጠፉት ድሮኑ ገና መሬት ላይ ሳለ ነው።